አዴር ፋራህ ያልከፈተው በር

አዴር ፋራህ መሞቱን የሰማሁት ባቢሌ ላይ ነው። ከድሬዳዋ፣ ከወንድሜ ቤት ወደ ጅግጅጋ እየተመለስኩ፣ ሚኒባሱ ለምሳ ቆሞ እኔ ኦቾሎኒ ስገዛ ስልኬ ጠራ። የጎረቤቴ የአዴር ፋራህ ልጅ ዴቃ ናት። "ጽጌ፣ አባዬ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ዐረፈ። ከዙህር ሶላት በኋላ ይቀበራል" አለችኝ። ኦቾሎኒውን ለሻጯ መልሼ ሾፌሩን ልለምን ሄድኩ። ሩዙን እየበላ ነበር። "እናቴ፣ የሞተ ሰው የት ይሄዳል? ቀስ ብለን እንደርሳለን" አለኝ። ወይ አንተ! እነሱ ዘንድ ሬሳ እንደማያድር ጅግጅጋ የሚመላለስ ሾፌር ሳያውቅ ቀርቶ ነው?

ሰፈር ስደርስ ሰዉ ከመቃብር ተመልሶ እጁን እየታጠበ ነበር። ብደርስም ሴት ወደ መቃብር አትሸኝም፤ ግን ቢያንስ ከደጁ ሲወጣ ባየሁት። ሃያ ሦስት ዓመት ጎረቤቴ የነበረ ሰው ነው። መንገድ ላይ ቆሜ እንደ እብድ አለቀስኩ። ሻንጣዬን ማን እንዳስገባልኝ እንኳ አላውቅም።

በሰፈራችን ሁሉም ስለ እሱ የሚያወራው ነገር አለው፤ አብዛኛው የሚያስቅ ነው። የሚያስቀውን እኔም አውቃለሁ፣ እነግራችኋለሁም። ግን እኔ ያደረግሁት አንድ ነገር አለ። እሱን ደብቄ ስለ አዴር ፋራህ ባወራ ያወራሁት ሁሉ ውሸት ይሆንብኛል፤ ስለዚህ እዚያም እንደርሳለን።

አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ አጎትየውም የወንድሙን ልጅ መልሶ "አዴር" ነው የሚለው። እኔ የድሮ ወታደር የልጅ ልጅ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ እሱ የአውበሬ ሰው፤ "አዴር!" "አቤት አዴር!" ስንባባል ኖርን። መጀመሪያ ሰሞን "እርስዎ" ስለው ፊቱን አጨማደደ። "እርስዎ ስትይኝ ደብዳቤ የደረሰኝ ይመስለኛል። አንተ በይኝ" አለኝ። ከዚያ ወዲያ አንተ ነው።

ሥራው የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአውበሬና በቱሊ ጉሌድ ገጠር ለገጠር እየዞረ ከብት ሲከትብ፣ ሪፖርት ሲጽፍ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ጡረታ የወጣ ሰው ወይ ሻይ ቤት ይውላል ወይ ጫት ላይ ይቀመጣል። እሱ ቤቱ ላይ ተነሣበት። ቤቱ የእንጨትና የጭቃ ቤት ነው፤ አርጅቷል፣ ግድግዳው ተሰነጣጥቋል፣ እንጨቱን ምስጥ ጀምሮታል። አዴር ፋራህ ግን ቤት መሆኑን ረስቶ እንደ ላም ያየው ነበር። በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርግና ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። "ይቺ ሳል አለባት" ይላል። ወይም ደግሞ፣ "ይኼ ቋሚ ውስጡ ተበልቷል፤ የታመመ ከብት አይጮህም፣ አንቺ ነሽ ቀርበሽ የምትጠይቂው።"

እናም ያቺን ትልቋን የከብት መርፌ ከሳጥን አወጣት። ምስጥ የበላውን እንጨት በመሰርሰሪያ በሳስቶ፣ መድኃኒቱን በመርፌ እየሳበ እንጨቱን ይወጋዋል። የሰፈሩ ወንዶች ሻያቸውን ይዘው እየመጡ ይመለከቱታል። "ፋራህ፣ ቤቱ ስንት ኪሎ ነው?" ይሉታል። እሱ ቀና ሳይል፣ "በግምት ሦስት ዝሆን" ይላል። ይሳቁ እንጂ ምስጡ ድምጥማጡ ጠፋ። በኋላ የሳቁት ራሳቸው መርፌዋን ሊዋሱ መጡ፤ አላዋሰም። "መርፌ ከነሐኪሙ ነው" አላቸው።

ግንበኛ ጥራ ብንለው አይሰማም። "ላሟን የሚያውቃት የሚያልባት ነው። ግንበኛ ግድግዳውን ያያል፤ ውስጡ የሚኖረውን ሰው አያይም" ይላል። እሺ ይሁን። ግን የእጁን ሥራ ባያችሁት! ከቶጎ ውጫሌ የመጣ ትርፍራፊ ሴራሚክ ገዝቶ መታጠቢያ ቤቱን ራሱ አነጠፈ፤ አበባ ያለው፣ አበባ የሌለው፣ ሰማያዊ፣ ቡኒ። ያምራል፣ ማሻአላህ። ውሃ ሲፈስበት ግን ወደ ፍሳሹ መሄዱን ትቶ ወደ መኝታ ቤት ይጓዛል። መብራት ዘረጋ። እሱ ማብሪያውን ሲጫን የኔ ግቢ አምፖል በራ። "አዴር፣ አበራህልኝ!" ብዬ ስጮህ፣ ከወዲያ ማዶ ማብሪያውን አጥፍቶ፣ "በበኩሌ ጥፋት መፈጸሙን አምናለሁ" አለ። ሪፖርት መጻፍ አልለቀቀውም። ጥፋቱን ግን ሁሌ እንዲህ ያምናል፤ ያጠፋውን አፍርሶ ደግሞ ይጀምረዋል።

በሥራው ከሁሉ በላይ የምትስቅበት ሚስቱ ነበረች፣ ኤዶ ሃሊሞ። ኤዶ አክስት ማለት ነው። ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትነግድ ነበር፤ ምላሷ ስለት፣ ልቧ ሰፊ። "ይኼ ሰውዬ ቤቱን እያከመ ሊገድለው ነው" ትላለች። የሸጠችውን ሸጣ ከሰዓት ስትመለስ ደጅ ላይ በርጩማ አውጥታ ትቀመጥና አላፊ አግዳሚውን ታዋራለች። ያለፈ ባጃጅ ሁሉ ሰላምታ ሳይሰጣት አያልፍም። እኔም ከቢሮ ስመለስ እሷ ጋ ሳልቆም ቤቴ አልገባም። የቀኑን ወሬ ነግራኝ፣ አለቃዬን ረግማልኝ፣ "በይ ሂጂ፣ እግርሽን አሳርፊ" ብላ ትለቀኛለች።

ኮሮና በገባበት ዓመት ስትሮክ መታት። ግራ ጎኗ በድን ሆነ። ምላሷ ግን ተረፈላት፣ እግዜር ይመስገን። ዴቃ ከሃርጌሳ ዊልቸር ላከችላት። ዊልቸሩ መጣና፣ ወይ ጉድ፣ በአንዱም በር አላልፍ አለ። የጭቃ ቤት በር ጠባብ ነው፤ ሲሠራ ሰው እንጂ ወንበር ያልፍበታል ብሎ ማን አሰበ? አዴር ፋራህ የከብት መጎተቻ ገመዱን አምጥቶ ወንበሩን ለካ፣ በሮቹን ለካ። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ።

ያን ሰሞን ሳየው ሌላ ሰው ሆኖብኝ ነበር። ቀልዱ ቀነሰ። የመኝታ ቤቱን በር መቃኑን ነቅሎ አሰፋው፤ የማድ ቤቱንም። ደፎቹን ቆርጦ ወለሉን አስተካከለ። ሴራሚኩን ሁሉ አንሥቶ በውሃ ልክ እያየ እንደገና አነጠፈው፤ ውሃው አሁን በትክክል ወደ ፍሳሹ ሄደ። ቀጥሎ ደግሞ ያን ገመድ በግድግዳው ዙሪያ በእጇ ልክ ወጠረላት፤ በደህና እጇ ገመዱን እየሳበች ዊልቸሩን እንድትነዳ። አንድ ቀን ጠዋት "ጽጌ! ጽጌ! ነይ ቶሎ!" ብሎ ጮኸ። ምን መጣ ብዬ በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። ኤዶ ሃሊሞ ማድ ቤት ውስጥ ናት፤ ብቻዋን ሄዳ፣ የገነፈለውን ሻይ አውርዳ፣ እንደ ንግሥት ተቀምጣለች። "ምን ታፈጫለሽ፣ ብርጭቆ አምጪ" አለችኝ። ሦስታችንም እንባችን መጣ። እሱ አልቅሼ አላውቅም ይላል፤ እኔ ግን አይቼዋለሁ።

የቀረው ደጅ መውጣት ብቻ ነበር። እሱ ነው የከበደው።

መንገዳችን ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከፍ ብሎ ነው የተሠራው። ቤቶቹ ታች ቀሩ። ከአዴር ፋራህ ቤት ለመውጣት ሦስት ደረጃ ሽቅብ ነው። መጀመሪያ የሰፈር ጎረምሶች ተጠርተው ከነወንበሯ ተሸክመው አወጧት። ደረጃው ላይ አንዱ ተደናቀፈ፤ ወንበሩ ሲያዘነብል ልብሷ ወደ ላይ ተሰበሰበ፣ ሻሿ ወደቀ። በዘመኗ ባዕድ ወንድ እጇን ያልነካት ሴት፣ በአደባባይ፣ ፀጉሯ ተገልጦ። ጎረምሶቹም አፍረው አንገታቸውን ደፉ። ቤት ስትመለስ፣ "ፋራህ፣ ከእንግዲህ እኔን ማንም አይሸከመኝም። እኔ ጆንያ አይደለሁም። በራሴ እጅ ካልወጣሁ አልወጣም" አለች። "ወላሂ" ብላ ማለች። እሱ ደግሞ ወገቡ ደካማ ነው፤ ብቻውን አያነሣትም።

ስለዚህ ደጁን ሊያስተካክል ተነሣ። ደረጃውን አፍርሶ በሲሚንቶ ዘቅዛቃ መንገድ ሠራ። እሷን ከማውጣቱ በፊት ራሱ ሊሞክረው ዊልቸሩ ላይ ተቀምጦ ከላይ ለቀቀው። ቁልቁል ተምዘግዝጎ፣ ሳሎኑን አልፎ፣ ቁም ሳጥኑ ጋ ሄዶ ተላተመ። ግንባሩ ላይ የበቀለውን እብጠት ሳምንት ተሸክሞት ዞረ። "ፍጥነቱ አጥጋቢ ነው" አለኝ። ኤዶ ሃሊሞ ስትስቅ ትንፋሽ አጥሯት ውሃ አጠጣናት። ግን ዘቅዛቃው በጣም ቀጥ ያለ ነበር፤ ቀጥ እንዳይል ከተፈለገ ረጅም መሆን አለበት፣ ለማስረዘም ደግሞ ቦታ የለም፤ ኮብልስቶኑ ደጁ ድረስ ነው። እሱን እያሰበ ሳለ ዝናቡ መጣ። ደፉን ቆርጦታል፤ የመንገዱ ጎርፍ የሚያግደው አጥቶ ገባ። እኔና ጎረቤቱ በባልዲ ስንቀዳ ዋልን። ኤዶ ሃሊሞ አልጋዋ ላይ ሆና ጎርፉን እያየች፣ "ሰፈሩ ከነጎርፉ እኔን ሊጠይቅ ገባ፣ የማልወጣው እኔ ብቻ ነኝ" አለች። አዴር ፋራህ ደረጃውን መልሶ ሠራ፤ ደፉን መልሶ ከፍ አደረገ። በበኩሌ ጥፋት ምናምን የሚለውን እንኳ አላለም።

አሁን እኔ ጋ ደረስን።

የእሱ ቤት የጎን ግድግዳ የኔ ግቢ አጥር ነው። በሰፈራችን ልማድ እንዲህ ያለ ግድግዳ ሁለት ፊት አለው፤ የውስጡ የባለቤቱ፣ የውጪው ደግሞ ከግቢው ሆኖ የሚያየው የጎረቤቱ። የውጪውን ሲሰነጠቅ እኔ እመርገዋለሁ፣ ለዘመን መለወጫም ኖራ እቀባዋለሁ። የኔ ግቢ ደረጃ የለውም፤ በኋላ በር በኩል ወደ ውስጥ ለውስጡ መንገድ ሜዳ ለሜዳ ይወጣል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አዴር ፋራህ ሽርጡን በሱሪ ለውጦ፣ ኮፊያውን አድርጎ በዋናው በሬ መጣ። ሌላ ጊዜ ከግድግዳው ማዶ ነው የሚጮኸው። ሳየው አንድ ነገር እንዳለ ገባኝ።

"አዴር፣ አንድ ጉዳይ ይዤ ቀርቤያለሁ" አለ፤ አልቀመጥም ብሎ ቆሞ። "በጎን ግድግዳዬ በር ላወጣ እፈልጋለሁ። ሃሊሞ በግቢሽ አልፋ በኋላ በርሽ ትወጣለች። ውሃም አይገባም፣ ደረጃም የለው፤ በውሃ ልክ አይቼዋለሁ። ከግድግዳው እስከ በርሽ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው።"

አሥራ ሁለት እርምጃ። ልቤ እሺ ብሏል፤ አፌ ግን "ወንድሜን ልጠይቅ" አለ። ቤቱ የአባታችን ውርስ ነው፣ የሁለታችን። ደወልኩለት። ወንድሜ ከድሬዳዋ ሆኖ ጮኸብኝ። "አብደሻል? ካርታ ሊወጣ ሲል! ዛሬ በር፣ ነገ መንገድ፣ ከነገ ወዲያ ፍርድ ቤት! ሰውየው መልአክ ይሁን፣ ልጆቹም መልአክ ናቸው? ካርታችን ይውጣና ያኔ እንደፈለግሽ አድርጊ።" በወንድሜ አላሳብብም። እኔ ራሴ የወረቀት ሰው ነኝ። አንዲት ደብዳቤ ከፋይል ጠፍታ ባለጉዳይ ሲያለቅስ ሳይ ዕድሜዬን የጨረስኩ ነኝ። ካርታ ሲባል ፈራሁ። አባቴ የተወልኝ ይቺ ግቢ ብቻ ናት፤ ከእጄ የምትወጣ መሰለኝ። ወደ ሃያ ዓመት የማውቀው ሰው፣ ጨው ስጨርስ በር የማንኳኳበት ሰው፣ ወረቀት የሌለው ሆኖ ታየኝ።

ሰኞ ከቢሮ ስመለስ ሄጄ ነገርኩት። "አዴር፣ ካርታው እስኪወጣ ብትታገሰኝ? ወር ሁለት ወር ነው ይላሉ።"

"ሀዬ" አለ፤ እሺ ማለት ነው። "ትክክል ነሽ። የውጪው ፊት ያንቺ ነው። እንጠብቃለን።" ሻይ አቀረበልኝ። አልተቀየመም። ቢቀየመኝ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ምናልባት አፍሬ እሺ እል ነበር።

ወር ሁለት ወሩ ዓመት ሆነ። ለካን ተባለ፣ አልተለካም ተባለ፤ ፋይላችሁ ሌላ ክፍል ሄደ ተባለ። እሱ አንድ ቀን እንኳ "ካርታው ምን ደረሰ?" ብሎ አልጠየቀኝም። ኤዶ ሃሊሞ ግን አትምርም። ልጠይቃት ስገባ፣ "ጽጌ፣ ያ ወረቀትሽ ግመል ነው እንዴ ያረገዘው? ግመልም እኮ በአሥራ ሦስት ወሯ ትወልዳለች" ትለኛለች። እስቃለሁ። እሷም ትስቃለች። ከዚያ ዓይኗን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ዛሬ እሺ ልበላቸው እላለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ይህን ያህል የታገሱ ትንሽ ይታገሱ እላለሁ። ሰው ለራሱ ሲሆን ምክንያት አያጣም።

ከማዶ የመፋቅ፣ የመሰርሰር ድምፅ እሰማ ነበር። ምስጡ ተመለሰበት እንዴ ብዬ አልፌዋለሁ። ለእንቁጣጣሽ ግድግዳዬን ኖራ ስቀባ ከውስጥ አንኳኳና፣ "አዴር፣ በቀስታ! በብሩሽ አትምቺው፣ ግድግዳው ታሟል" አለኝ። "ምን ነካው?" ስለው፣ "ቆዳው ሳስቷል" አለ። በቀስታ ቀባሁት።

ኤዶ ሃሊሞ የሞተችው በጥር ብርድ ነው፤ ሳንባዋን ይዟት በአምስተኛው ቀን። ከመጨረሻው ቀን በፊት ገብቼ እጇን ይዣት ነበር። ስለ በሩ አንድም ነገር አላነሣችም። "አለቃሽ ደህና ነው? አልሞተም?" ብላ ቀለደችብኝ። በማግስቱ አስከሬኗን በቃሬዛ አድርገው በዚያ በሦስቱ ደረጃ ሽቅብ ተሸክመው አወጧት፤ እነዚያው ጎረምሶች። በሕይወቷ እምቢ ያለችውን በሞቷ አደረጉባት። አዴር ፋራህ ከኋላ ሆኖ፣ "በቀስታ፣ በቀስታ፣ ልብሷን" እያለ ይከተል ነበር።

ሴቶቹ ውስጥ፣ ወንዶቹ ውጪ ነበሩ። እኔ ከዴቃ ጋር የኤዶ ሃሊሞ መኝታ ቤት ገባሁ። ከኔ ግቢ በኩል ያለው ግድግዳ ላይ ከላይ እስከ ታች መጋረጃ ተዘርግቷል። እዚያ ቤት ስገባ ስወጣ አይቼዋለሁ፤ የተሰነጠቀ ግድግዳ የሸፈኑ መስሎኝ ነበር። የዴቃ ልጅ ሮጣ መጋረጃውን ጎተተችው።

በር ነው። የተጠናቀቀ፣ በወፍራም እንጨት የተሠራ፣ ሰፊ በር። መቃኑ ቆሟል፣ ጉበኑ ተጋድሟል፣ ደፍ የለውም፤ ወለሉ ወንበር እንዲያልፍበት እንደ ገበታ ለስልሷል። መቀርቀሪያው ተቀምጦ ለሚከፍት ሰው ዝቅ ብሎ ተገጥሟል። ገመዱም ከአልጋዋ እስከ መቀርቀሪያው ድረስ ተወጥሯል። ዴቃ መቀርቀሪያውን ሳበችና ወደ ውስጥ ከፈተችው። ከበሩ ወዲያ ጭቃ ነው። የኔ ምርጊት። የኔን ፊት ሳይነካ፣ ቅርፊቷን ብቻ በሽቦ ደግፎ ትቷታል።

"ምንድን ነው ይኼ?" አልኩ፤ አውቄው ሳለ።

"እማዬ በየቀኑ ከሰዓት እዚህ ትመጣ ነበር" አለች ዴቃ። "በሩን ትከፍትና ጭቃው ፊት ትቀመጣለች። ከቢሮ ስትመጪ ትሰማሻለች። ‘ጽጌ ገባች፣ ዛሬ ከፍቷታል፣ ድስቱን በኃይል አስቀመጠችው’ ትለን ነበር። እኔ ለእረፍት መጥቼ፣ ‘አባዬ፣ በጣትህ እኮ ትገፋዋለህ፣ ግፋው’ አልኩት። ተቆጣኝ። ‘የሰው ፊት ነው’ አለኝ።"

ውጪ ወንዶቹ መካከል ሄጄ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "አዴር፣ ክፈተው! አሁኑኑ እሰብረዋለሁ!" አልኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔን ነው። ተነሥቶ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ ባገኝ ምን ነበረበት።

"ተይው አዴር። እኔ በሕይወት እያለሁ አይከፈት" አለኝ። "ተከፍቶ፣ የሚወጣበት ሰው ሳይኖር ማየት አልችልም።"

ካርታው የወጣው እሷ በሞተች በሰባተኛው ወር ነው። ማኅተሙ ሳይደርቅ ይዤው ወደ እሱ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እኔም አላውቅም። ደጁ ላይ፣ እሷ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ተቀምጧል። መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ድንበሩን በጣቱ ተከተለው። "እንኳን ደስ አለሽ" ብሎ አጣጥፎ መለሰልኝ። ከልቡ ነበር የተናገረው፤ እሱ ነው የገደለኝ። ያኔ እግሩ ሥር ቁጭ አልኩና፣ "አዴር፣ ይቅር በለኝ" አልኩት።

"የኔን ድርሻ ያን ጊዜውኑ ይቅር ብዬሻለሁ፣ ወላሂ" አለ። "የሃሊሞ ግን የሃሊሞ ነው። እኔ ልሰጥሽ አልችልም።"

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረ። ሰላም እንባባላለን፣ ሻይ እንጠጣለን፣ የኔን ቧንቧ ሲፈስ መጥቶ አይቶልኛል። የራሱን ቤት ግን ዳግመኛ አልነካውም። ጣሪያው አፈሰሰ፣ ሴራሚኩ ተነቀለ፣ ምስጡም ተመለሰ። "አዴር፣ ቤትህ እኮ ታሟል" ስለው፣ "አውቃለሁ" ይለኛል፤ ሌላ ነገር ያወራል። እኔን ለማሳዘን ብሎ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሰውየው ቤቱን ሲያክም የኖረው ለማን እንደነበረ ዘግይቶ ለገባኝ ለእኔ ግን ያ ጣሪያ ባፈሰሰ ቁጥር ስድብ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ዴቃ ጠራችኝ። ቤቱ ውስጥ የእናቷ ዘመዶች፣ የሰፈሩ ሴቶች ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። "ጽጌ፣ ያንን በር በተመለከተ አባዬ አደራ ብሎኛል" አለችኝ። "ጽጌን ሳትጠይቂ አትንኪው፣ የውጪው ፊት የሷ ነው ብሏል። ምን ላድርገው? ልድፈነው?"

ወደ ግቢዬ ዞርኩ። ከዕቃ ቤት ዲጂኖ አወጣሁ፤ የአባቴ ነው፣ ይከብዳል። በጠራራ ፀሐይ፣ በነጭ ኖራዬ ፊት ቆምኩ። የቱ ጋ እንደሆነ መለካት አላስፈለገኝም፤ ኖራው እዚያ ቦታ ላይ በበሩ ቅርጽ ተሰነጣጥቆ ነበር። ስንት ዓመት አይቼው አላየሁትም። መታሁት። ሁለተኛ መታሁት። በሦስተኛው ወደቀ፤ አቧራው ፊቴን ሸፈነው። ለካ ሦስት ምት ኖሯል። የኔ ካርታ፣ የኔ ፍርሃት፣ የእነሱ ከዓመት በላይ ጥበቃ፣ ጠቅላላ ሦስት ምት ነው።

አቧራው ሲበተን ዴቃ በሩን ከውስጥ ከፍታ ቆማለች፤ ከኋላዋ ሴቶቹ ከምንጣፉ ላይ ሆነው ያዩኛል። ዲጂኖውን ጥዬ በሩን አየሁት። ሁለት እጄን ዘርግቼ ለካሁት። ወንበሯ ያልፍበታል፤ ያልፍና በግራም በቀኝም ቦታ ይተርፋል።